እሳት ያላየ ብረት

ሰው በእንፋሎት ቤት ሞተ ሲሏት ኢንስፔክተር ጣፈጠች ዳና ቃጠሎ ጠብቃ ነበር የሄደችው። ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው አዲሱ የካሳቫ ስታርች ፋብሪካ ስትደርስ ግን ወለሉን ያጥለቀለቀው ውኃ ቀዝቃዛ ነበር። ጫማዋን አልፎ ካልሲዋን አራሰው። አስከሬኑ ተነሥቷል። ግድግዳው ሥር አንድ ነጭ የሥራ ሄልሜት ተገልብጦ ውኃ ይዟል።

ሟቹ ዱባለ ይባላል፤ የፋብሪካው የሙከራ ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር በራሱ እንፋሎት መብራት ያመነጫል ተብሎ የታሰበ ነው። እንፋሎቱ ከመለቀቁ በፊት ቧንቧዎቹ በቀዝቃዛ ውኃ ይሞሉና ወደፊት ከሚሸከሙት በላይ ግፊት ይጫንባቸዋል። የሚሰነጠቅ ካለ ያኔውኑ ይሰንጠቅ ነው ነገሩ። ያን ቀን ጠዋት፣ ሙከራው በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በያጆች «ቲ» የሚሉት ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ከብየዳው ጎን ተሰንጥቆ አንድ ቁራጭ ብረት ዱባለን ደረቱ ላይ መታው። መገጣጠሚያው እንደ ሙቀጫ የወፈረ ነው። ጣፈጠች ስንጥቁን በጣቷ ዳበሰችው። ተጎትቶ የተቀደደ አይመስልም፤ እንደ ሸክላ ነበር የተሰበረው።

ከሰው ሁሉ ቀርቶ ቦታውን ሲጠብቅ ያገኙት የብየዳ ተቋራጩን ፎርማን ብሩን ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጭምት፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ የቆሰሉትን ተከትሎ ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ እሱ በሩን ዘግቶ ማንም እንዳይነካ መጠበቁን ነገራት። አመሰገነችው። ከዚያ ሳትጠይቀው የተሰበረውን ቲ ጎን በባትሪ አበራላት።

«እያንዳንዱ በያጅ የሠራበት ላይ ቁጥሩን በማህተም ብረት ይመታል። ይኸው፣ አራት። አራት የኢንጂነር የትምወርቅ ቁጥር ነው» አለ።

እንዲህ ዓይነት ወፍራም ብረት ከተበየደ በኋላ፣ አለ ብሩ፣ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠቅልሎ እስከ ሰባት መቶ ዲግሪ ይግላል፤ ለሰዓታት እዚያው ይቆይና ቀስ እያለ ይበርዳል። ያለዚያ ብየዳው ይደርቃል፤ የደረቀ ደግሞ ይሰበራል። ከሦስቱ ቲዎች ሁለቱን የበየደው የእሱ ቡድን ነው፣ ቁጥሩም ዘጠኝ፤ ሁለቱም በወጉ ሞቀዋል። ሦስተኛውን የበየደችው የትምወርቅ ግን ማሞቅ አያስፈልግም የሚል አዲስ ዘዴ አምጥታ ዱባለን አሳምናዋለች።

«እኔ ተው ብዬው ነበር» ሲል ጨመረ። «ነፍሱን ይማር።»

ጣፈጠች የትምወርቅ የት እንዳለች ጠየቀች። ማለዳ ከግቢው ወጥታለች፤ ስልኳም ዝግ ነው ተባለች። አብሯት የመጣው ሳጅን እዮኤል ቀና ብሎ አያት። ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቷታል።

*

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር የሚከሰው፤ ሟቹን። ዱባለ ፓምፑን አለቅጥ ለቆት ግፊቱ ከመጠን አልፎ ይሆናል አለ። ይህንኑ ለዘመድ አዝማድ ነግሮ ኖሮ፣ ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ለቅሶ ቤት ደርሷል።

ጣፈጠች ወደ ፓምፑ ተመለሰች። የግፊት መለኪያው ሁለት ቀስት አለው፤ ጥቁሩ ግፊቱ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ ቀዩ ግን የደረሰበት ከፍታ ላይ ቆሞ ይቀራል። ቀዩ ከተፈቀደው ወሰን በታች ነበር የቆመው። መለኪያው ራሱ እንዳይሳሳት ከሌላ ጋር አስተያይታ አረጋገጠች።

«ሰውየው አላጠፋም» አለች ለእዮኤል።

«እንግዲያው ሴትዮዋ ናት።»

«እስኪ መጀመሪያ እናግኛት።»

ያገኟት በማግስቱ ሁምቦ ነው። ስልክ የማይሠራበት ቆላ ቀበሌ ውስጥ፣ የአንድ መንደር የውኃ ፓምፕ ቧንቧ ተሰንጥቆ ሴቶቹ ከሩቅ በጋሪ ውኃ ሲያመላልሱ ሰንብተዋል፤ እሷ ይህን ሰምታ ከመኪና ባትሪ የሚሠራ የብየዳ መሣሪያዋን ይዛ ወርዳለች። አደጋው ከመድረሱ በፊት እዚያ መግባቷን፣ ሌሊቱንም እዚያው ማደሯን መንደሩ በሙሉ መሰከረ። የትምወርቅ ሰላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ ገበያ አጠገብ ብረታ ብረት ቤት የከፈቱ ባለሙያ ናቸው። እሷ ከአባቷ እሳቱን፣ ከዩኒቨርሲቲ ደግሞ ምክንያቱን ተማረች ይሉላታል፤ አሁን በኮሌጅ ታስተምራለች።

የዱባለን ሞት ሲነግሯት የያዘችውን መዶሻ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ አላለቀሰችም። ዱባለ ዘዴዋን የተቀበላት እንዲሁ በቃሏ እንዳልሆነ ነገረቻቸው፤ የናሙና ብረት አስበይዷት፣ በማጠፊያ አጥፎ፣ በመዶሻ ሰብሮ፣ ለክቶ፣ አሁንም ደግማ እንድትሠራ አድርጎ ነው እሺ ያለው። እንደ እሱ ያለ አስቸጋሪና እንደ እሱ ያለ ታማኝ ሰው አላየሁም አለች። ከዚያ ቀና አለች።

«የትኛው ነው የተሰበረው?»

«ያንቺው ነው። አራት ቁጥር አለበት።»

በጣቷ አፈሩ ላይ የቲውን ቅርፅ ሣለች። የሚያሰላ ሰው ፊት ነበራት።

«የብየዳው ፊት ምን ይመስላል? ልስልስ ነው ወይስ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ?»

ጣፈጠች በስልኳ ያነሣችውን ፎቶ አሳየቻት። ቅርፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የኔ አይደለም» አለች የትምወርቅ።

እንድታስረዳ ጠየቋት። ወፍራም ብረት፣ አለች፣ ሙቀትን ይመጥጣል፤ ብየዳውን ከዳርና ከዳር በቅጽበት ያቀዘቅዘዋል፤ የጋለ ማረሻ ውኃ ውስጥ ሲነከር እንደሚደርቀው ማለት ነው። ማሞቂያው ያን ድርቀት ለማለዘብ ነው የሚያስፈልገው። እሷ ግን ብረቱን አስቀድማ በልኩ ታሞቀውና ሽፋን በሽፋን ላይ በተመጠነ ሙቀት ትደርባለች፤ የላይኛው ሽፋን ሙቀት የታችኛውን እያለዘበው ይሄዳል።

«ምድጃውን ከውጪ አላመጣም፤ ብየዳው ራሱ ምድጃው ነው። የመጨረሻውን ሽፋን ግን የሚያለዝበው ሌላ ስለሌለ ብረት በሚሞርደው ግራይንደር ልጬ አነሣዋለሁ። ስለዚህ የኔ ፊቱ እንደ መዳፍ ልስልስ ነው።»

«ቁጥሩስ?» አለ እዮኤል።

«ቁጥር መዶሻ የያዘ ሁሉ ይመታል።»

እዮኤል በመንገድ ላይ ተጠርጣሪ የማይለው ነገር እንደሌለ ተናገረ። ጣፈጠች እውነቱን ነው አለች በልቧ። ነገር ግን ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ ብረቱ መሆኑን ልትረሳው አልቻለችም።

*

ከሁምቦ ሲመለሱ ዱቦ ሆስፒታል ገብተው ከአደጋው የተረፈውን የፓምፕ ሠራተኛ ሀብታሙን ጠየቁት። ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። አማርኛው ሲከብደው በወላይትኛ ቀጠለ፤ ጣፈጠችም በዚያው መለሰችለት። እሱና አንድ ጓደኛው ቲው አጠገብ ቆመው ነበር። ዱባለ ራቅ ብሎ ቁጥር እያነበበ ሳለ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ተሰማ። እነሱ ምንም አልመሰላቸውም። ዱባለ ግን ሮጦ መጥቶ ሁለቱንም ከኮንክሪቱ ምሰሶ ጀርባ ገፈተራቸው። ሀብታሙ ክንዱ የተሰበረው ያኔ ነው።

«እሱም ምሰሶው ጋ መቅረት ይችል ነበር» አለ ሀብታሙ። «ግፊቱን የሚያወርደውን ማስተንፈሻ ልክፈት ብሎ ተመለሰ። በወዲያ በኩል ገና ሰዎች ነበሩ።»

ማስተንፈሻው ግማሽ ድረስ ተከፍቶ እንደተገኘ ጣፈጠች ታውቃለች። ማን እንደከፈተው ግን እስካሁን የነገራት አልነበረም።

ፋብሪካው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ብርቄ ደግሞ ስለ ፍንዳታው ብዙ አላየችም። ያየችው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አምቡላንሱ ሲወጣ ሰው ሁሉ ተከትሎ ወጣ፤ ግቢው ጭር አለ። ከዚያ ከውስጥ የግራይንደር ጩኸት ሰማች፤ ቆም ብሎ እንደገና ተነሣ። ቀጥሎ መዶሻ። ሰው ሞቶ ሳለ ማን ነው ሥራ የሚሠራው ብላ ተገርማ ነበር።

«ከውስጥ የቀረው ማን ነበር?» አለቻት ጣፈጠች።

«እኔ የማውቀው ያ ፎርማኑ አለመውጣቱን ነው» አለች ብርቄ፣ ብርጭቆዋን እያጠበች።

ብሩን ስለዚህ ጠየቁት። አልደነገጠም። የሀብታሙ እግር ተጣብቆ እንደሆነ ብሎ የታጠፈ የመወጣጫ ብረት መቁረጡን ነገራቸው፤ የተቆረጠ ብረትም አሳያቸው። ሀብታሙ ያኔ ወጥቶ አልነበረም ወይ ስትለው ግርግር ነበር፣ አላወቅኩም አላት። መልሱ የሚያሳምን ባይሆንም የሚያሳስርም አልነበረም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሥራ አስኪያጁ የተሰበረውን ቲ አስወጥቶ፣ ክፍቱን የቧንቧ አፍ በክዳን አስደፍኖ ሙከራውን በነጋታው ሊደግመው ተሰናድቷል። ጥፋተኛው የትምወርቅ ቲ ከሆነ እሱ ወጥቷል፤ የቀሩት ሁለቱ የሞቁ ናቸው፤ ምን ያስጠብቀናል ነው ክርክሩ። ጣፈጠች እንዲቆይ ጠየቀችው። ማስረጃ ካላት እንደሚያቆም፣ ከሌላት ግን የምርቃቱ ቀን የተቆረጠ መሆኑን ነገራት። የትምወርቅ እውነቷን ከሆነ ደረቅ ብየዳ አሁንም ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል፤ ነገ ከሥሩ ሰው ይቆማል። 

*

በማግስቱ ማለዳ፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ ጣፈጠችና እዮኤል መሰላል አቁመው ወደ ቀሩት ሁለት ቲዎች ወጡ። ሁለቱም ላይ ዘጠኝ ቁጥር ተመትቷል። ብየዳዎቹና ቁጥሮቹ ያሉበት ቦታ ሁሉ ዝገት እንዳይነካው ቀይ አንቲረስት ቀለም ተቀብቷል። እዮኤል የመጀመሪያውን በባትሪ ሲያበራ ጣፈጠች በጥፍሯ ቁጥሩን ጫረችው። የዘጠኙ ጎድጓዳ ውስጥ ቀለም ሞልቷል። መጀመሪያ ተመታ፣ ከዚያ ተቀባ።

ወደ ሁለተኛው ዞሩ። እዚያ ዘጠኙ ጎድጓዳ ውስጥ ቀለም የለም። ዙሪያው ተፍቆ፣ እርጥበት አግኝቶት ብርቱካንማ ዝገት አውጥቷል። ከታች የተቀመጠውን የተሰበረውን ቲ ሄደው አዩ፤ አራቱም እንዲሁ ባዶ ብረት ላይ ነው የተመታው።

«ሁለቱ ከቀለሙ በኋላ ተፍቀው እንደገና ተመትተዋል» አለ እዮኤል። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ተለዋውጠዋል።»

ጣፈጠች ተመልሳ መሰላሉን ወጣች። የሁለተኛውን ቲ ብየዳ ዳበሰችው፤ ከቀለሙ ሥር ልስልስ ነው። ግን ብሩ ይህንንም አሙቄ ልጬው ነው ቢልስ? የደበዘዘ ቁጥር እንደገና ይመታል ቢልስ? የቲውን ሆድ በመሐረቧ ጠረገችው። ከአቧራው ሥር አምራቹ ያተመው ቢጫ ጽሑፍ ወጣ፤ ከብየዳው አንድ ስንዝር የሚርቅ ነው፤ ቢጫው ጠቆር፣ ቡናማ ወደ መሆን ብሏል። ወደ ሌላኛው ቲ ሄዳ እንዲሁ ጠረገች። እዚያ ላይ ያለው ጽሑፍ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፤ ቢጫው እንደ አደይ አበባ ይደምቃል።

መሰላሉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሲወርዱ እዮኤልን ወደ ኮሌጁ ላከችው፤ የትምወርቅን፣ አብሮም የብረት ጥንካሬ የሚለካውን መሣሪያ ከሌላ መምህር ጋር እንዲያመጣ።

*

ሥራ አስኪያጁ፣ ብሩና የትምወርቅ እንፋሎት ቤቱ ውስጥ ሲሰበሰቡ ጣፈጠች ማንንም አልከሰሰችም። ብሩን ሥራውን እንዲያስረዳት ብቻ ለመነችው፤ እኔ የማላውቀው ነገር ነው አለች። እሱም በትዕግሥት አስረዳት። ማሞቂያው እስከ ምን ድረስ ይጠቀለላል አለችው። ከብየዳው ወዲያና ወዲህ፣ ቲውን ግማሽ ድረስ፣ አላት።

«ሰባት መቶ ዲግሪ ነው ያሉኝ፣ አቶ ብሩ?»

«አዎን። በትንሹ።»

«በዚያ ሙቀት ላይ ቀለም ይተርፋል?»

«ቀለም?» አለ ብሩ። «አይተርፍም። አመድ ይሆናል፣ ብረቱ ራሱ ይጠቁራል።»

ከዚያ ወዲያ ፊቱ ተለወጠ። ጣፈጠች ሥራ አስኪያጁን መሰላሉን እንዲወጣ ጋበዘችው፤ ወጥቶም ደማቁን ቢጫ ጽሑፍ በራሱ ጣት ነካው። ስለ ተሰበረው ቲም ነገረችው፤ እዚያም ቢጫው እንዲሁ ደማቅ ነው።

«እነዚህ ሁለቱ በወጉ ሞቀው ከሆነ ጽሑፉ መቃጠል ነበረበት። የኢንጂነሯ ከሆነ ደግሞ አስቀድማ ስለምታሞቀው መጥቆር ነበረበት። የጠቆረው አንድ ብቻ ነው፤ ያ የሷ ነው፤ አሁን ዘጠኝ የተመታበት። ሦስቱንም ከብየዳ በኋላ ማሞቂያ አልነካቸውም። አንደኛው በዕውቀት፣ ሁለቱ በውሸት።»

ከኮሌጁ የመጣው መምህር መሣሪያውን በየብየዳው ላይ አሳረፈ። የትምወርቅ ራሷ አልነካችውም፤ ኋላ ተከራካሪ እንዳይነሣ ራቅ ብላ እጇን አጣምራ ቆመች። የሷ ብየዳ ከአጠገቡ ካለው ብረት ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። የተሰበረውና ጣሪያው ሥር የቀረው የብሩ ቲ ግን የሚፈቀደውን ድርቀት አልፈው ሄደዋል። መምህሩ ቁጥሩን ሲያነብ ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው ከዚያ ቲ ሥር ፈቀቅ አለ።

ብሩ የሚናገረውን ለማግኘት ብዙ አልተጨነቀም። ማሞቂያው መብራት መጥቶ ሲሄድ መቃጠሉን፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የምርቃቱ ቀን እንደሚያልፍ ማወቁን፣ ዱባለ ፈቃድ በሄደበት ጊዜ ሞቋል ብሎ ማለፉን ተናገረ።

«ዕድሜ ልኬን ቀጫጭን ቧንቧ ሳላሞቅ በይጃለሁ፤ አንዱም አልተሰበረም» አለ። «ይኼም የሚቋቋም መሰለኝ። ዱባለ ሲወድቅ... ሰውየው ከሞተ ወዲያ እኔም ለምን እጠፋለሁ አልኩ። ቁጥሩን ያኔ ነው የቀየርኩት።»

የትምወርቅ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችው።

«አንተ ቁጥር ቀየርክ። ዛሬ ግን ከዚህኛው ሥር ሰው ይቆም ነበር። ይኼኛውን መቼ ልትነግረን ነበር?»

ብሩ መሬት መሬት አየ።  እዮኤል ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው ጣፈጠች አስተዋለች፤ የትምወርቅ ዓይኗ እሱ ላይ አልነበረም። አንገቷን ቀና አድርጋ የተሰቀለውን ቲ እንዴት ሰው ሳይጎዳ እንደሚወርድ እያሰላች ነበር። ከቀትር በፊት ክሬኑ መጥቶ እሷው ባሳየችበት ቦታ ታስሮ ወረደ። ሥራው በጥድፊያ ከሚያልቅ ምርቃቱ ይራዘም ብላ ሥራ አስኪያጁን ያሳመነችውም እሷ ናት። እዮኤል ያን ሁሉ ካየ በኋላ ሁምቦ ላይ ስለጠረጠራት ይቅርታ ጠየቃት፤ መጠርጠር ሥራህ ነው፣ እኔም ብረት ሳልጠረጥር አልበይድም አለችው።

*

የዱባለ ለቅሶ ቤት ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ጣፈጠች ስትደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መዝሙር ጨርሰው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ አስካለች ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ተቀበለቻት። ፖሊስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ፤ ዱባለ በራሱ ስህተት ሞተ የሚለው ወሬ እዚህ ከገባ ሰንብቷልና።

ጣፈጠች የሆነውን በአማርኛ፣ አጠር አድርጋ ነገረቻት። ግፊቱን አላበዛም። ብረቱ የሰው ውሸት ነበረበት። ሁለት ሰዎችን ገፍትሮ አድኖ፣ ለቀሩት ብሎ ተመልሶ ነው የሞተው። አስካለች እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማች። ከዚያ እጇን ይዛ ድንኳኑ ጥግ ከተቀመጡት የዱባለ እናት ፊት አደረሰቻት።

«እሳቸው አማርኛ አይሰሙም» አለች። «በራሳቸው ቋንቋ ንገሪያቸው። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ጣፈጠች ተንበርክካ በወላይትኛ ከመጀመሪያው ጀመረች።  ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን አዘነበሉ፤ ዱባለን የወቀሱት ሰዎች አቀረቀሩ። ስትጨርስ እናቱ አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የገፈተራቸው ሁለቱ ልጆች አሉ?»

«አሉ፣ እናቴ። ደኅና ናቸው።»

«እንግዲያው ምን ይጠብቃሉ?» አሉ እናቱ። «የልጄ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። ይምጡና እዚህ ቤት ይብሉ።»

በማግስቱ ሀብታሙ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ጓደኛውን አስከትሎ፣ ተሸማቆ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመ። እናቱ ቦታ አስለቅቀው ከአጠገባቸው አስቀመጡት፤ ቀኝ እጁ ስለታሰረም በገዛ እጃቸው አጎረሱት።